ያልጠበበው ደን

በደቡብ ጎንደር ገጠር ትልቅ ዛፍ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ በዓይኑ የሚፈልገው ጉልላት ነው። ጤፍ፣ ገብስና ዳጉሳ በተዘራበት፣ ካልሆነም ከብት ግጦ በጨረሰው ገላጣ መሬት መካከል ድንገት የጠቆረ ክብ ይታያል። ሲጠጉት ወይራውና ጽዱ፣ ዝግባውና ጥቁር እንጨቱ እየለየ ይመጣል፤ ከመካከሉ የደብሩ ጣሪያ ብቅ ይላል። ጦጣው፣ ጉሬዛው፣ ማሳ ላይ ዝር የማይለው ወፍ ሁሉ መጠጊያው እዚያ ነው። ይህን የአገሬው ሰው ሁሉ ያውቃል። ቆጥሮ የመዘገበው ግን አልነበረም።

ቆጠራውን በቁም ነገር የያዙት ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ (ዶ/ር) ናቸው። ብዙ አንባቢ ስማቸውን የሚያውቀው ከ«እመጓ» መጽሐፍ ሽፋን ላይ ቢሆንም ሙያቸው የደን ሥነ ምህዳር ነው። በ2002 በስዊድን ለሁለተኛ ዲግሪያቸው፣ በ2007 ደግሞ በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬታቸው ያቀረቡት ጥናት በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነበር (ዓ.ም ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። 28 አብያተ ክርስቲያናትን መረጡ። ዝቅተኛው ከባሕር ጠለል በላይ 1,816 ሜትር ላይ፣ ከፍተኛው 3,111 ሜትር ላይ ነው። ደናቸው ከ1.6 ሄክታር እስከ 100 ሄክታር ይደርሳል። ሜትርና ገመድ ተይዞ፣ ግንድ ተለክቶ፣ ቅጠል ተለቅሞ ሲደመር 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያ ተገኘ።

ቁጥሩ ራሱ ትልቅ ነው። ይበልጥ ቁም ነገር ያለው ግን በአንድ ቦታ አለመከማቸቱ ነው። ቆላ ቀመስ በሆነው ደብር የሚታየው ዋንዛና ብርብራ ደጋ ወጥቶ አይገኝም፤ ደጋው ላይ ያለው ኮሶና አስታ ታች የለም። ከፍታው በተለወጠ ቁጥር ዝርያውም ይለወጣል። ስለዚህ «ትልልቆቹን አምስት ደኖች እንጠብቅ፣ የቀሩት ትንንሾች ናቸው» የሚል ዕቅድ ወረቀት ላይ ያምር ይሆናል እንጂ ግማሹን ሀብት መጣል ነው። እያንዳንዱ ደብር ሌላው ጋ የሌለ ነገር ይዟል።

እንቆቅልሹ የመጣው ግንድ ሲለካ ነው። ጤናማ ደን ውስጥ ቀጫጭን ወጣት ዛፍ ይበዛል፣ ወፍራም ሽማግሌ ያንሳል፤ ከቡቃያው አብዛኛው ስለሚሞት የግድ እንዲህ ይሆናል። በእነዚህ ደኖች ግን በብዙ ዝርያዎች ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። ግዙፎቹ ቆመዋል፤ ከሥራቸው የሚተካቸው የለም። ከሩቅ ሲታይ ደኑ ሙሉ ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ ጥላው ከባድ ነው። ገብቶ ጎንበስ ያለ ሰው ግን መሬቱን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል።

ለምን? መጀመሪያ የተጠረጠረው አፈሩ ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ጊዜውን እየጠበቀ ይሆን? ዓለማየሁ ከዕፅዋት ተመራማሪው ከደምል ተክታይ ጋር ከደኖቹ አፈር ወስደው፣ ውሃ እያጠጡ የሚበቅለውን ቆጠሩ። በ2006 የታተመው ውጤት አጭርና ደስ የማይል ነው፤ ከአፈሩ የወጣው በብዛት ሣርና አረም ነው። የትልልቆቹ ዛፎች ዘር እጅግ ጥቂት ነበር። አፈሩ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ነገር የለም ማለት ነው።

ታዲያ የሚወድቀው ፍሬ ሁሉ የት ይሄዳል? ለዚህ የተሠራው ሙከራ የሚያስቀና ቀላልነት አለው። የስድስት ዛፎችን ዘር ቆጥሮ በአራት ዓይነት ቦታ ማስቀመጥ፣ ከዚያ እየተመላለሱ መቁጠር። በሦስት ወር ተኩል ውስጥ ከዘሮቹ 92 በመቶው ተበልቶ አለቀ። ጎን ለጎን ደግሞ የአምስት ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ተቀብሮ ከስድስት፣ ከአሥራ ሁለትና ከአሥራ ስምንት ወር በኋላ ወጥቶ ታየ። ከጽድ በስተቀር የሁሉም ነፍስ በፍጥነት እየመነመነ ነበር። እንግዲህ የወይራ ወይም የጥቁር እንጨት ዘር ዕድሉ ጠባብ ነው። በወደቀበት ክረምት ካልበቀለ ይበላል፤ ካልተበላም ይሞታል። የሚያድነው እናቲቱ ዛፍ ቆማ በየዓመቱ ማፍራቷ ብቻ ነው። አንድ አሮጌ ጥቁር እንጨት ሲቆረጥ የሚጎድለው አንድ ግንድ ይመስላል፤ የሚጎድለው ግን ሊተካ የማይችል የዘር ምንጭ ነው።

እሺ፣ የተረፈው ስምንት በመቶ በቀለ እንበል። ከዚያስ? ይህንን የመለሰው አጥር ነው። የአገር በቀል ዛፎች ዘርና ችግኝ ከብት በማይደርስበት የታጠረ ቦታና ባልታጠረ ቦታ ጎን ለጎን ተሞከረ። ባልታጠረው ቦታ ከብት ይረግጣል፣ ይግጣል፤ የሚበቅለውም፣ የሚተርፈውም፣ የሚያድገውም አነሰ። ውጤቱ በ2009 ታተመ። ለማንኛውም ገበሬ ይህ ዜና አይደለም፤ ላም ባለችበት ቡቃያ እንደማይቆይ እረኛው ልጅም ይነግራችኋል። ለደን ባለሙያው ግን ለውጥ ነበር፤ ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ የቤተ ክርስቲያን ደን ጠላት ሲባል በሁሉም አእምሮ የሚመጣው መጥረቢያ ነበር።

መጥረቢያው የመጣው ከአንድ የታወቀ ታሪክ ነው። እኔም በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ አንባቢም እንደዚያው። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር፣ ዛሬ 3 በመቶ ቀረ። በመማሪያ መጽሐፍ፣ በፖሊሲ ሰነድ፣ በእርዳታ ድርጅት ሪፖርት፣ በዛፍ ተከላ ቀን ንግግር ሁሉ ተደጋግሟል። በዚህ ታሪክ መሠረት የደብር ደን ማለት ትናንት የተቆረጠ የትልቅ ደን ቅሪት ነው፤ ዙሪያው እየተበላ፣ እየጠበበ፣ ነገ የሚያልቅ።

ቁጥሩን ሥሩ ድረስ ሄዶ መመርመር የጀመሩት የታሪክ ሰዎች ናቸው። የቦስተን ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ማካን በ1997 ባወጣው ጽሑፍ ከ1840 ጀምሮ ያሉትን የመንገደኞች መዛግብት አገላብጦ፣ ደጋው ያኔም በአብዛኛው የታረሰና ገላጣ እንደነበር አሳየ። ለ40 በመቶው የሚቀርብ ልኬት የለም። ዶናልድ ክረሚ ደግሞ ወሎ ላይ በ1930ዎቹ የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዞ በ1990ዎቹ ወደዚያው ቦታ ሄደ፤ ከድሮው ይልቅ አሁን ዛፍ በዝቶ አገኘው። ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ በ1868 መቅደላ ድረስ የዘለቀው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች አስከትሎ ነበር፤ የቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ የመልክዐ ምድር ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ከ140 ዓመት በኋላ በዚያው መንገድ ሄደው ሰሜኑን ዳግም ቢያነሡት፣ ብዙው ቦታ ከያኔው የተሻለ ዛፍና ቁጥቋጦ ለብሷል።

ከሁሉ የሚገርመው ማስረጃ የመጣው ግን ከጭቃ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ባለበት በሐይቅና በጎረቤቱ በሐርዲቦ ሐይቅ ግርጌ የተጋደመውን ደለል ቆፍረው አውጥተው ውስጡ የተቀበረውን የአበባ ብናኝ የቆጠሩት ኢያን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር ናቸው። በ2003 ያወጡት ታሪክ 3,000 ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት አካባቢ ደኑ ተመነጠረ። በምትኩ ክትክታና ሣር ገባ፤ 1,800 ዓመት ያህልም እንደዚያው ቆየ። ከዚያ ማንም ያልጠበቀው ነገር ይመጣል፤ ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጽዱ ተመለሰ፣ ከወይራ ጋር እንደገና ደን ሆነ። ባለፉት 300 ዓመታት ደግሞ ዳግመኛ ተራቆተ። ደን አንዴ ሄዶ የቀረ ነገር አይደለም። ሄዷል፣ ተመልሷል፣ ደግሞም ሄዷል።

ይህ ማለት ኢትዮጵያ ውስጥ ደን አልጠፋም ማለት አይደለም። በደቡብ ምዕራቡና በባሌ በኩል በእኛው ዕድሜ የተመነጠረው ሰፊ ነው። ሰሜኑ ደጋ ግን ሌላ ታሪክ አለው፤ ሁለቱን በአንድ መቶኛ ማሰር ሁለቱንም ማዛባት ነው።

የደብሮቹስ ጉዳይ? እየጠበቡ ነው ወይስ አይደለም? ለዚህ መልስ የሚሆነው ማስረጃ የተቀመጠው እዚሁ አዲስ አበባ ነበር።

የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ (ዛሬ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት አካል ነው) ውስጥ ብዙ ሰው የረሳቸው የፋይዚት ሰሌዳዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ግማሽ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አራት አራት ፎቶግራፍ ተለጥፎበታል። አንዱ ከአውሮፕላን ቀጥታ ወደ ታች የተነሣ ነው፣ ሁለቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል ያሉ፣ አራተኛው አድማሱን ለማሳየት ይበልጥ ያጋደለ። የኤጀንሲው ባለሙያዎች ገዛኸኝ ገብረመስቀልና ሱልጣን መሐመድ፣ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ምትኩ ኃይሌ፣ ያው ኒሰንና ሌሎች አብረው ሰሌዳዎቹን አውጥተው መዘገቧቸው። 8,281 ሆኑ። ፎቶግራፉ ከ33,000 ይበልጣል።

ያነሣው የጣሊያን ጦር ነው፤ ከ1935 እስከ 1941። አውሮፕላኖቹ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 እስከ 4,500 ሜትር ላይ እየበረሩ፣ ባለ ብዙ ዓይን ካሜራ ይዘው አገሩን በረድፍ በረድፍ አነሡት። በረራው መጀመሪያ ለጦርነት ነበር፤ እግረኛው ወደ ደቡብ ከመገስገሱ በፊት መንገዱን ከሰማይ ማየት። በኋላ ለካርታ ሥራ ሆነ። ዝርዝር በሚያሳይ መጠን ስለተነሣ ማሳ ከማሳ፣ ቁጥቋጦ ከዛፍ ይለያል። የኛን ሰው ለመጨረስ ተብሎ የተነሣ ፎቶ ዛሬ ለዛፎቻችን ምስክር መሆኑ ይከነክነኛል፤ ቢሆንም ከዚያ ዘመን የቀረን ከዚህ የተሻለ የደን መዝገብ የለም።

የጎንደርን ደብሮች ከእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ለቅመው ከዘመኑ የሳተላይት ምስል ጋር ያስተያዩት በአሜሪካ የኮልጌት ዩኒቨርሲቲው ፒተር ስከልና ካትሪን ካርዴሉስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ናቸው። ጥናቱ በ2017 ወጣ፤ ከ1938 እስከ 2015 ያለውን ይሸፍናል። እንደታወቀው ታሪክ ከሆነ የ1938ቱ ክብ ትልቅ፣ የዛሬው ትንሽ መሆን አለበት።

አልሆነም። ክቦቹ በቦታቸው አሉ። ደኖቹ በስፋት ረገድ ከሞላ ጎደል እንደነበሩ ናቸው። በ77 ዓመት ውስጥ ወረራ፣ ሦስት ሥርዓተ መንግሥት፣ የመሬት አዋጅ፣ ድርቅና ረኃብ፣ በብዙ እጥፍ ያደገ የሕዝብ ቁጥር አለፈ፤ የደብሩ ደን ጠርዝ ግን አልተገፋም።

ሌላ ነገር ግን ተለውጧል፤ ለእኔ የዚህ ሁሉ ፍለጋ ልብ ያለው እዚህ ነው። በአሮጌው ሥዕል የደኑ ዳር እንደ ዛሬው በቢላ የተቆረጠ አይመስልም። ብዙ ቦታ ከዛፉ ቀጥሎ ቁጥቋጦ አለ፣ ከቁጥቋጦው ቀጥሎ ግጦሽ፣ ከዚያ ማሳ። በዛሬው ምስል ቁጥቋጦው የለም፤ ማሳው ዛፉ ግንድ ድረስ ደርሷል። በደኑ ውስጥም ዛፉ ሳስቷል። በብዙ ደብር ደግሞ ያኔ ያልነበረ ባሕር ዛፍ ገብቷል።

ሁለቱን ማስረጃ አንድ ላይ ስናኖረው የዓለማየሁ እንቆቅልሽ ይፈታል። በ1938 ላምና ፍየል የሚውሉበት፣ ሴቶች ጭራሮ የሚለቅሙበት፣ እረኛ አጋምና ቀጋ የሚበላበት መሬት ከደኑ ውጭ ነበር። ያ መሬት ሲታረስ ከብቱ የት ይሂድ? ማሳው እስኪታጨድ ድረስ በአካባቢው አረንጓዴና ጥላ ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነው። ደኑን ማንም አልቆረጠውም፤ ከብቱ ግን ገባበት፤ ከገባ ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ የሚበቅለው ልጅ በየዓመቱ ይበላል። የዛፍ ዕድሜ ረጅም ስለሆነ ጉዳቱ ለሁለት ሦስት ትውልድ አይታይም። ደኑ አልጠበበም፤ አርጅቷል። ስፋትን ብቻ የሚለካ ሰው ይህንን በፍጹም አያየውም፤ ሳተላይቱም አያየውም።

ለዚህም ነው በየክረምቱ ስለሚተከለው ችግኝ ቁጥር ስሰማ የማልደሰተው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ለዓለም ተነግሯል። ማንም ሳይተክለው ከወይራ ሥር በራሱ ስለበቀለ ቡቃያ፣ በኅዳር በአንዲት ጥጃ ስለተበላ ግን የተነገረ የለም።

ጠርዙ ለምን አልተገፋም የሚለው ጥያቄ ቀርቷል። መሬት በጠበበበት አገር ገበሬ ለምን በደኑ በኩል አንድ ፈር አልጨመረም? መንግሥት አልጠበቀው፤ ዘብ አላቆመበት፤ «የተጠበቀ ደን» የሚል ሰሌዳ የለበትም። የኮልጌቶቹ ባልደረባ ፒተር ክሌፔስ ካህናቱንና ምእመናኑን ጠይቆ ያገኘው መልስ ስለ ብዝኀ ሕይወት አልነበረም። ደኑ የታቦቱ ክብር ነው፣ የጸሎት ጥላ ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ልብስ ነው፤ ደን የሌለው ደብር ራቁቱን እንደቆመ ሰው ይቆጠራል። ከዚያ መቁረጥ ነውርም ነው፣ ያስፈራልም። አጥኚዎቹ ይህን ጥበቃ የጥላ ጥበቃ ይሉታል፤ ሰው የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው፣ ዛፉና ወፉ በዚያ ጥላ ሥር ይተርፋሉ።

ይህን ለመረዳት እኛ አዲስ አበቤዎች ከልደታ መራቅ አይጠበቅብንም። አሮጌው ሰፈር ፈርሶ በኮንዶሚኒየምና በፎቅ ሲተካ ስንት ደጃፍ፣ ስንት ጓሮ፣ ስንት ዛፍ አብሮ ሄደ፤ የልደታ ለማርያም ቅጥር ግን በቦታው አለ። ግንቦት 1 ቀን፣ በልደታ በዓል፣ ደግሞ ጎረቤት ተጠራርቶ ደጅ ይወጣል፤ ዛፍ ከተገኘ ከዛፍ ሥር ንፍሮው ይቀርባል፣ ቡናው ይፈላል። ያን ዛፍ መቁረጥ ያሰበ ሰው የሚገጥመው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ አይደለም፤ እናቶች ናቸው። ሕጉ እስኪመጣ ድረስ ብዙ ዛፍ ያቆየው ይኸው ነው።

ሆኖም ይህን ጥላ አለቅጥ ማሞገስም አደጋ አለው። በ1967 ዓ.ም የገጠር መሬት ሲወረስ ቤተ ክርስቲያንም የገቢዋ ምንጭ የነበረውን መሬት አጣች። ጣሪያ ማደስ፣ ካህናትን ማኖር፣ የቆሎ ተማሪ መቀለብ ግን አልቀረም። የቀረው መሬት ደኑ ያለበት ነው። ፈጥኖ የሚሸጥ ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት ያተረፈው ዛፍ እንዲህ ሲል የደብር ቅጥር ውስጥ ገባ። ቄሰ ገበዙን የሚወቅስ ሰው በመጀመሪያ የደብሩን የወጪ መዝገብ ይመልከት። ቆይተው የወጡ ጥናቶችም የሚያሳዩት የደኑን ውስጥ ያሳሳው የውጭ ሌባ ሳይሆን የደብሩ የዕለት ኑሮ መሆኑን ነው፤ አቋራጭ መንገድ፣ ገላጣ የተደረገ ቦታ፣ መቃብር፣ አዲስ የሚሠራ ቤት። መቃብሩ በተለይ ከባድ ነው። ድሮ በድንጋይና በአፈር የተሸፈነው ዛሬ በሲሚንቶ ይታነፃል፤ ሲሚንቶ ላይ ወይራ አይበቅልም።

ወደ ከብቱ እንመለስ፤ መፍትሔው ከእሱ ጀምሯልና። አሜሪካዊቷ የዛፍ አናት ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን የዓለማየሁን ሥራ ካወቀች በኋላ ሁለቱ አብረው መሥራት ጀመሩ። ከደብሮቹ አለቆችና ካህናት ጋር ተሰብስበው ከሰማይ የተነሣውን ምስል አሳዩዋቸው። ለካህናቱ ደኑ ከውስጥ የሚታይ ነገር ነው፤ ጥላ ነው፣ ቅዝቃዜ ነው፣ የወፍ ድምፅ ነው። ከላይ ሲያዩት በሜዳ መካከል የቀረ ነጥብ ሆኖ አገኙት። ስለ ብዝኀ ሕይወት የተዘጋጀ ንግግር ያላደረገውን ያ ምስል አደረገ። ምን ይደረግ ሲባል የመጣው ሐሳብ ካብ ነው።

የድንጋይ ካብ ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ ብዙ ደብር በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ድሮም የውስጥ ቅጥር አለው። አዲሱ ነገር ካቡን ደኑ ዳር ድረስ አውጥቶ ሁሉንም መክበብ ነው። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ይለቀማል። ገበሬው ማረሻውን የሚሰብርበትን ድንጋይ ይገላገላል፣ ደኑ ከላሙ ይገላገላል። ሲሚንቶም የውጭ ባለሙያም አይፈልግም፤ የሚጠይቀው ጉልበት፣ ጥቂት ገንዘብና በር ነው። በሩ ቀላል ነገር ይመስላል፤ የማይዘጋ በር ያለው ካብ ግን ለከብት በረት ነው። በደቡብ ጎንደር ካብ የተሠራላቸው ደብሮች በየጊዜው ጨምረዋል፤ ገንዘቡ በአብዛኛው ከውጭ ለጋሾች ነው፣ ጉልበቱ የምእመናን።

ገበሬው ከደኑ የሚያገኘው ድንጋዩን መገላገል ብቻ አይደለም። ከደኑ ሥር የሚወጣው ምንጭና ጸበል አለ፤ ማሳው ላይ ያለውን ባቄላና ኑግ የምትጎበኘው ንብ የምታድርበት ጉድጓድ ግንድ አለ። ይሁን እንጂ ይህን ጥቅም እየዘረዘሩ ገበሬውን ማሳመን ያስፈልጋል የሚሉ ሰዎች ፊተኛውን ነገር የረሱ ይመስለኛል። ጠርዙን 77 ዓመት ሙሉ ሳይገፋ የቆየው ይኸው ገበሬ ነው፤ ማንም ጥቅሙን ሳያስረዳው።

ካብ ብቻውን ግን የ1938ቱን ሥዕል አይመልስም። ደኑ ዳር ላይ የተካበ ካብ ያለውን ያቆያል፤ ልጆቹም ከውስጥ ያድጋሉ። ከውጭ የነበረው ያ ቁጥቋጦ፣ ነፋሱንና ፀሐዩን ከዛፉ የሚከላከለው፣ ከብቱ የሚውልበት፣ ጭራሮ የሚለቀምበት፣ ወፍ ዘር የምትጥልበት ቀበቶ ግን ከካቡ ውጭ ማሳ ሆኖ ቀርቷል። አንዳንድ ቦታ ካቡን ከደኑ ጠርዝ ወጣ አድርጎ መካብ ተጀምሯል፤ ደኑ ራሱ እየዘራ እንዲወጣ። ዓለማየሁም በጎረቤታም ደብሮች መካከል ዛፍ ያለበት መተላለፊያ እንዲኖር ሲወተውቱ ቆይተዋል፤ ወፉና ጦጣው ዘር ይዘው እንዲመላለሱ። ሐይቅ ግርጌ ያለው ጭቃ እንደሚለው ጽድ ዕድል ካገኘ ይመለሳል።

ያ ቀበቶ ግን ዛሬ ባለቤት አለው። የይዞታ ደብተር የወጣበት፣ ግብር የሚከፈልበት፣ ለልጅ የሚከፋፈል ማሳ ነው። በየትኛው በኩል፣ ስንት ክንድ፣ በምን ምትክ የሚለውን የጣሊያን ፎቶግራፍ አይነግረንም፣ የዘር ሙከራውም አይነግረንም። ያንን የሚወስኑት ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ውስጥ የሚቀመጡት ሰበካ ጉባኤውና ባለ ማሳዎቹ ናቸው።